የመጀመሪያ ልጅ፦ ስለ እርግዝናና ወሊድ ማንን ልጠይቅ? የቱን ልመን?

በእርግዝና ክትትል ክፍል በአዋላጅነት ስሠራ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ እናቶች ደጋግመው ያነሱልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጫለሁ።

ነፍሰ ጡር መሆኔን ገና አሁን አወቅሁ፤ ከማን ልጀምር?

ከአዋላጅ ወይም ከሐኪም ጀምሪ፤ ያውም በዚሁ ሳምንት። ብዙ እናቶች «ሆዴ ትንሽ ይግፋና እሄዳለሁ» ይላሉ። እስከዚያ ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ፣ የሰሙትን ሁሉ ይሞክራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ ይመክራል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልተያዙ ኋላ የማይደረስባቸው ነገሮች አሉና።

አንዱን ልጥቀስ። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ተዘግቶ የሚያልቀው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ ሴት የወር አበባዋ መቅረቱን ገና እየተጠራጠረች ነው። ፎሊክ አሲድ በቀን 0.4 ሚሊግራም፣ ከተቻለ ከእርግዝናው በፊት እንዲጀመር የሚመከረው ለዚህ ነው። ሳትጀምሪ አርግዘሽ ከሆነ አትደንግጪ፤ ዛሬውኑ ጠይቂና ጀምሪ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ሊለይ ስለሚችል ይህን ሳትናገሪ አትውጪ።

ክትትሉ ስንት ጊዜ ነው? አንዱ አራት፣ ሌላው ስምንት ይለኛል።

ሁለቱም ከየት እንዳመጡት አውቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ያስተዋወቀው አሠራር አራት ጊዜ የሚል ነበር። በኋላ ግን ጥቂት ክትትል ብቻ በተደረገላቸው እናቶች ዘንድ በጽንስና በጨቅላ ሞት ላይ ጭማሪ በመታየቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩን ቢያንስ ወደ ስምንት ከፍ አደረገው፦ እስከ 12ኛው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በ20፣ በ26፣ በ30፣ በ34፣ በ36፣ በ38 እና በ40ኛው ሳምንት።

ከስምንቱ አምስቱ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት እንደሚውሉ አስተውዪ። የደም ግፊት በድንገት የሚወጣውም ሆነ የጽንሱ እድገት የሚያዘግመው አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ነው። ታላቅ እህትሽ «አራት ይበቃል» ብትልሽ አልዋሸችሽም፤ እሷ ስትወልድ የተነገራት ይህ ነበር። የእርግዝና መረጃ ያረጃል። ስለዚህ ምክሩን ብቻ ሳይሆን የመቼ ምክር እንደሆነም ጠይቂ።

የመውለጃ ቀኔን ስልኬ አንድ ይለኛል፣ አልትራሳውንዱ ሌላ። የቱ ነው ትክክል?

ስልኩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን። ከዚያ ላይ 280 ቀናት ወይም 40 ሳምንታት ይደምራል። ይህ ስሌት የወር አበባሽ በየ28 ቀኑ እንደሚመጣና ጽንሱ በ14ኛው ቀን ገደማ እንደተፈጠረ ይገምታል። የአንቺ ዑደት በ35 ቀን የሚመጣ ከሆነ አንድ ሳምንት ያህል ይሳሳታል።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሣሽው አልትራሳውንድ ጽንሱን ለክቶ ዕድሜውን በጥቂት ቀናት ልዩነት ይነግርሻል። በመጨረሻዎቹ ወራት የሚነሣው ግን በሁለት፣ በሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል፤ ያኔ አንዱ ሕፃን ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ነውና። ስለዚህ ቀንሽ አንዴ ቀድሞ በተነሣው ከተወሰነ፣ በየጊዜው በሚነሣው እየተለዋወጠ አይሄድም። ደግሞም በዚያው ቀን የሚወለዱት ከሃያ ሕፃናት አንዱ ያህል ብቻ ናቸው። ከ37 እስከ 42 ባሉት ሳምንታት መካከል ያለውን ጊዜ በሙሉ ተዘጋጅተሽ ጠብቂ፤ ዘመዶችሽ በዚያች አንዲት ቀን ስልክ እየደወሉ «እስካሁን?» እንዳይሉሽ ከአሁኑ ንገሪያቸው።

ክትትል ክፍል ስገባ ጥያቄዎቼ ሁሉ ይጠፉብኛል። ምን ላድርግ?

ጻፊያቸው። ይህን ምክር ሁሉም ይሰጣል፤ እኔ የምጨምረው ቅደም ተከተሉን ነው። አንዲት እናት የአልትራሳውንድ ፎቶዋ በገባበት ፖስታ ጀርባ ላይ ሰባት ጥያቄ በእርሳስ ጽፋ መጣች። የመጀመሪያው ስለ ቃር ነበር፣ ሁለተኛው ስለ አተኛኘት። ተራ በተራ ስመልስላት ጊዜያችን አለቀ፤ ፖስታውንም አጠፈችው። ከታች የቀረችውን መስመር ያነበብኩት ወረቀቱ ሲታጠፍ ዓይኔ ስላረፈበት ብቻ ነው፦ «ከትናንት ጀምሮ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል፣ ምንም አይደለም አይደል?» ይላል። ወዲያው ግፊቷን ስለካው 150 በ100 ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፤ ተኝታ ታከመች፣ በኋላም በሰላም ወለደች።

ያቺን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያደረገቻት ትንሽ መስላት ነው፤ ወይም ደግሞ መልሱን ፈርታ። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው ይኸው ነው፦ በጣም የምትፈሪውን ጥያቄ መጀመሪያ ላይ አድርጊው፤ ስትቀመጪም ካርድሽን ከማቀበልሽ በፊት ተናገሪው። የምታፍሪበትንም እንዲሁ። ስለ ፈሳሽ፣ ስለ ሽንት፣ ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ያልተጠየቅንበት ቀን የለም።

ምርመራ ወይም ሕክምና ሲታዘዝልሽ ደግሞ አራት ነገር ጠይቂ፦ ምን ይጠቅመኛል? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ሌላ ምን አማራጭ አለ? ለጊዜው ብንጠብቅስ? መልሱ ካልገባሽ «አልገባኝም፣ እንደገና ይንገሩኝ» ማለት ነውር የለበትም።

ካርዴ ላይ የሚጻፈውን ማንበብ አልችልም፤ ማወቅስ ያስፈልገኛል?

በጣም ያስፈልግሻል። በእጅሽ ካለው ንባብ ሁሉ ስለ አንቺ ብቻ የተጻፈው እሱ ነው። የደም ግፊትሽን ተከታተዪ፤ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ወይም ካለፈ ለምን እንደሆነና ምን እንደሚደረግ ሳትጠይቂ አትነሺ። ሄሞግሎቢን ከ11 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለ ማለት ነው። በሴንቲሜትር የሚጻፈው የማህፀን ቁመት ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ከሳምንቱ ቁጥር ጋር ይቀራረባል፤ በ28ኛው ሳምንት 28 ገደማ መሆን አለበት። የኤችአይቪ፣ የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ውጤቶችም እዚያው አሉ፤ ቦታቸው ባዶ ከሆነ አልተመረመርሽም ማለት ሊሆን ስለሚችል ጠይቂ።

የደም ዓይነትሽ «ኔጌቲቭ» ከሆነ ትኩረት ስጪው። የአንቺ ኔጌቲቭ፣ የሕፃኑ ፖዚቲቭ ሲሆን ሰውነትሽ የሕፃኑን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ሊያመርት ይችላል። በአብዛኛው የሚጎዳው የመጀመሪያው ልጅ ሳይሆን ቀጣዩ ስለሆነ በመጀመሪያው እርግዝና ጊዜ በቀላሉ ይዘነጋል። መከላከያው አንቲ ዲ የሚባል መርፌ ነው፤ በ28ኛው ሳምንት ገደማ፣ ሕፃኑ ፖዚቲቭ ሆኖ ከተወለደም በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። የካርድሽን ሁሉንም ገጽ በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ ያዢ። ምጥ የሚመጣው ካርዱ ባለበት ቦታ ላይሆን ይችላል።

እናቴ፣ አማቴና የወለዱ ጓደኞቼ የሚነግሩኝን ልስማ?

ስሚ፤ ግን የሚያውቁትን ከማያውቁት ለይተሽ። አራስ ልጅ ሲያለቅስ እንዴት እንደሚታቀፍ፣ ጡት እንዴት እንደሚጎርስ፣ እንቅልፍ አጥቶ ማደር ምን እንደሚመስል ከእነሱ የተሻለ የሚያስተምርሽ የለም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥታ ሕፃኑን ተቀብላሽ የምታስተኛሽም እናትሽ እንጂ እኔ አይደለሁም።

«እጅሽን ወደ ላይ ካነሣሽ እትብቱ አንገቱ ላይ ይጠመጠማል» የሚባለው ግን እውነት አይደለም። እትብት የሚጠመጠመው ሕፃኑ ውስጥ ሆኖ ሲገላበጥ ነው፤ ከአራት ሕፃናት አንዱ ያህል እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፣ አብዛኛውም ምንም አይሆንም። የሆድ ቅርጽም የሕፃኑን ጾታ አይናገርም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እኔም እንደዚሁ ሆኜ ነበር፣ ይተውሻል» የሚለው። በፍቅር የሚባል ነው፤ ነገር ግን ያበጠ ፊትና ከባድ ራስ ምታት ይዛ ቤቷ እንድትቀር ያደረጋት ይኸው ቃል የሆነ እናት አይቻለሁ።

ኢንተርኔት ላይ ከማገኘው የቱን ልመን?

ማን ጻፈው? መቼ ታረመ? የሚሸጥልሽ ነገር አለ? ገጹ መቼ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንዳለብሽ ይነግርሻል? ለእነዚህ አራት መልስ የሌለው ጽሑፍ ቢያምርም እለፊው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የሀገርሽ የጤና ሚኒስቴርና የሐኪሞችና የአዋላጆች ማኅበራት የሚያወጡት ጽሑፍ ደረቅ ሊሆንብሽ ይችላል፤ ሆኖም የሚመረጠው እሱ ነው።

«እኔ ሞክሬው ሠርቶልኛል» የሚለው ምስክርነት ለምን እንደማይበቃ አንድ ታሪክ ላውጋሽ። አርቺ ኮክረን የተባለው ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1979 የማህፀንና ጽንስ ሕክምናን በማስረጃ አጠቃቀም ከዘርፎች ሁሉ የመጨረሻውን ደረጃ ሰጠው። ነቀፌታው ሐኪሞችን ቆረቆረ፤ ስለ እርግዝናና ወሊድ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ በአንድ መልቀምም ተያያዙ። በዚያ ሥራ ላይ ከተገኙት አንዱ ይህ ነው፦ ያለጊዜዋ ልትወልድ ለደረሰች እናት ስቴሮይድ መርፌ ቢሰጣት የሕፃኑ ሳንባ ይበስላል። የመጀመሪያው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 ከኒውዚላንድ ታትሞ ነበር፤ ሌሎችም ተከትለውት ነበር። አንድ ላይ ተደምረው ስላልታዩ ግን ሐኪሞች ለዓመታት አመነቱ፣ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ብዙ ሕፃናትም አለፉ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው፣ በስሙ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው የኮክረን ድርጅት ዓርማ ላይ ያሉት አጫጭር አግዳሚ መስመሮች እነዚያ ጥናቶች ናቸው። በሕክምናው ዓለም አንድ ጥናት ለብቻው እንዲህ ካልበቃ፣ የአንዲት እናት ቪዲዮ እንዴት ይበቃል?

የእርግዝና መተግበሪያዎችና ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ?

ሳምንት ለመቁጠር፣ ቀጠሮ ለማስታወስ፣ ጥያቄ ለመመዝገብ ይጠቅማሉ። የማይችሉት ደግሞ ግልጽ ነው፦ ክንድሽ ላይ ግፊት አይለኩም፣ ሆድሽን አይዳስሱም፣ የጽንሱን ልብ አያዳምጡም። ለማንም በሚሆን መልስ ላይ ተመሥርተሽ ቀጠሮ አትቅሪ። የጤናሽን ጉዳይ ለማን እንደሚያስተላልፉም ከመመዝገብሽ በፊት አንብቢ።

የሌሎችን የምጥ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ፍርሃቴ ይብሳል።

ንባቡን ለጊዜው ተዪው። በሰላም ወልዳ ልጇን ታቅፋ የገባች እናት ብዙ ጊዜ ታሪኳን ለመጻፍ አትቀመጥም፤ የምትጽፈው የተጎዳችው ወይም የተደናገጠችው ናት። የእሷ ሕመም እውነት ነው፤ ግን የሁሉም ምጥ አይደለም።

በምትኩ ምጥ እንዴት እንደሚሄድ ተማሪ። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ መነሻው ረጅምና አሰልቺ ነው፤ እየመጣ እየጠፋ ከአንድ ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ዋናው ምጥ የሚባለው የማህፀን በር 5 ሴንቲሜትር ከተከፈተ በኋላ ያለው ሲሆን፣ በመጀመሪያ ወሊድ ከዚያ እስኪጨርስ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አያልፍም። የመግፋቱ ጊዜም በአብዛኛው በሦስት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። በ34ኛው ሳምንት ገደማ የምትወልጂበትን ክፍል አስጎብኚኝ በዪ፤ በሌሊት በየትኛው በር እንደሚገባ፣ አብሮሽ ማን መግባት እንደሚፈቀድለት እይ። የመረጥሽው ሰው አጠገብሽ ቢሆን ምጡ እንደሚያጥርና እንደሚቀልል በጥናት የተረጋገጠ ነው።

ስለ መድኃኒት ማንን ልጠይቅ?

ነፍሰ ጡር መሆንሽን የሚያውቅ ሐኪም፣ አዋላጅ ወይም ፋርማሲስት። እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ለማቅለሽለሽና ለእንቅልፍ ይሰጥ የነበረው ታሊዶማይድ በ1961 ከገበያ መውጣት እስኪጀምር ድረስ ከ10,000 በላይ ሕፃናት የእጅና የእግር ጉዳት ይዘው እንዲወለዱ ምክንያት ሆኗል። በዘመኑ ምንም ጉዳት የሌለው ተብሎ ይሸጥ ነበር። ዛሬም ለብጉር የሚዋጠው አይሶትሬቲኖይን በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይወሰድም። በየቤቱ የማይጠፋው አይቡፕሮፌን ደግሞ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃልም ዋስትና አይሆንም፤ ብዙ መርዝ ከተፈጥሮ ነው።

ተቃራኒው ስህተትም ያን ያህል ይጎዳል። የሚጥል በሽታ፣ የአስም፣ የደም ግፊት ወይም የኤችአይቪ መድኃኒትሽን አንድ ቦታ ያነበብሽውን ፈርተሽ በራስሽ አታቁሚ። መድኃኒቱ መቀየር ካለበት በሐኪም እጅ ይቀየራል።

ምልክት ሲታየኝ መጀመሪያ ላንብብ ወይስ ልሂድ?

ሂጂ። ደም ከፈሰሰሽ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ ወይም ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትሽና እጅሽ በድንገት ካበጠ፣ ከተንቀጠቀጥሽ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ሆድሽን ሳያቋርጥ ካመመሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ምጥ ሳይመጣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ስልኩን ለመኪና መጥሪያ ብቻ ተጠቀሚበት። እዚህ ላይ መፈለግ ጊዜ ይበላል፤ የጠፋው ሰዓትም አይመለስም።

የሕፃኑ እንቅስቃሴም ከእነዚህ ጋር ነው። የመጀመሪያ ልጅ እንቅስቃሴ አብዛኛውን ጊዜ በ20ኛው ሳምንት ገደማ ይሰማል። እያደገ ሲሄድ የራሱ ልማድ ይኖረዋል፤ ያንን ልማድ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። «መጨረሻ ላይ ቦታ ስለሚጠበው መንቀሳቀስ ይቀንሳል» የሚባለው ስህተት ነው። የአገላበጡ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል እንጂ እስከ ምጥ ድረስ መንቀሳቀሱን አይተውም። ከቀነሰብሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። መጥተሽ ሁሉ ነገር ደህና ቢሆን «በከንቱ አስቸገርኩ» አትበዪ፤ ነገም እንደገና ከቀነሰ እንደገና ነዪ።

ሁለት ባለሙያዎች የተለያየ ነገር ቢነግሩኝስ?

ይህ ይሆናል፤ ሁልጊዜም አንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም። አንዲት እናት በ28ኛው ሳምንት «ልጁ በመቀመጫው ነው» ተባለችና ቀዶ ጥገና እንደተቆረጠላት አስባ እያለቀሰች መጣች። በዚያ ሳምንት ከአምስት ጽንሶች አንዱ ያህል በመቀመጫው ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ግን እንደዚያ ሆነው የሚቀሩት ከመቶ ሦስት ወይም አራት ብቻ ናቸው። የመጀመሪያው ባለሙያ ያየውን ተናገረ፤ እኔ ደግሞ ወደፊት የሚሆነውን። ከ36ኛው ሳምንት በኋላም ካልዞረ የሠለጠነ ሐኪም ከሆድ ላይ በእጁ ሊያዞረው የሚሞክርበት መንገድ አለ።

ስለዚህ «የቱ ነው ልክ?» ከማለት ይልቅ «እኔ ላይ ምን አይተው ነው እንዲህ ያሉት?» ብለሽ ጠይቂ። አንዱ የሌላውን የምርመራ ውጤት አላየው ይሆናል፤ ካርድሽን ለሁለቱም አሳዪ። የሁለተኛ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቀየምም።

ስጠይቅ የሚቆጡኝ ከሆነስ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ በሙያ ጓደኞቼ ስም አፍራለሁ። ሥራው ብዙ፣ ሰዓቱ ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቁጣ የሕክምና አካል አይደለም። የሚደረግልሽን የማወቅ፣ የመፍቀድና ያለመፍቀድ መብት አለሽ። በወሊድ ጊዜ እናቶችን ማንቋሸሽና ማንገላታት የመብት ጥሰት እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ አስታውቋል። የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ግቢ፤ ሌላ ባለሙያ እንዲያይሽ ጠይቂ፤ ካልሆነም ለክፍሉ ኃላፊ አመልክቺ። ብቻ ተቀይመሽ ክትትሉን አታቋርጪ፤ በመቅረትሽ የሚጎዳው የተቆጣሽ ሰው አይደለም።

ከወለድኩ በኋላ ምን ማወቅ አለብኝ?

ብዙዎች እስከ ምጥ አንብበው ያቆማሉ፤ እኔ ግን ይህን ክፍል ከምጡ በፊት እንድታነቢው እለምንሻለሁ፣ በኋላ ጊዜ የለሽምና። በሰላም ከወለድሽ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋሙ ቆዪ። ከዚያ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ከ7 እስከ 14 ባሉት ቀናትና በስድስተኛው ሳምንት ትታያለሽ። ንጽሕና መጠበቂያው በአንድ ሰዓት ውስጥ በደም ከራሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከጀመረሽ ወዲያው ተመለሺ፤ የደም ግፊቱ ጣጣ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለ ምክንያት እንባ ቢመጣብሽ የብዙ አራሶች ነገር ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ካልለቀቀ፣ ልጅሽን ማየት ካስጠላሽ፣ ሕፃኑ ተኝቶልሽ እንኳ መተኛት ካቃተሽ በሽታ ነው፣ ይታከማል። ከወለዱ መቶ እናቶች 13 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፤ በአብዛኛው ድባቴ ነው። በራስሽ ወይም በሕፃኑ ላይ ጉዳት የማድረስ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን የስድስተኛውን ሳምንት ቀጠሮ አትጠብቂ። ቤት ውስጥ ላለው ሰው «ብቻዬን አትተወኝ» በዪው፤ በዚያው ሰዓት አብሮሽ ወደ ሕክምና ይምጣ፣ ሕፃኑንም ይዛችሁት ኑ።